ሰዓትና ተራኪው
ከጋይንት የጥላ ልኬት እስከ ቴሌቪዥን መስኮት

የሰው ልጅ ዕቃ የሚሰበስብበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለሀብቱ፣ ሌላው ለክብሩ፣ ሦስተኛው ለመታሰቢያ ይሰበስባል። ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በዓለም ላይ ከተስፋፉት የመሰብሰብ ልማዶች አንዱ አሮጌ የእጅ ሰዓት መሰብሰብ ነው። የዚህ ልማድ መነሻ ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ የተወደደ ፊልም ወይም ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ተመልካቹ በተዋናዩ ክንድ ላይ ያየው ሰዓት ከዓይኑ አልጠፋ ይለዋል፤ ስሙን ይጠይቃል፤ የተሠራበትን ዘመን ያጠናል፤ አንዱን ሲያገኝ ሁለተኛውን ይፈልጋል።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የፋሽን ወሬ ይመስል ይሆናል። ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን የአንድ ትልቅ ጉዳይ ምሳሌ ነው፤ ይኸውም ዕቃ ተራኪ ሲያገኝ ይከበራል፣ ተራኪ ሲያጣ ግን በሚዛን ይሸጣል የሚለው ነው። ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ፣ ታሪኩን ሰዓት ሠሪ ሳይኖር ሰዓት ይለካ ከነበረበት ከጋይንት ምድር ጀምሮ መከታተል ተገቢ ነው።

ሰዓት ያለ ሰዓት

ነፋስ መውጫ ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ፣ ከጉና ተራራ ባሻገር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የጋይንት ከተማ ናት። ይህ አገር በሊቃውንት ዘንድ ስሙ የሚነሣው በዜማ ትምህርት ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔምና የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ በጋይንት ነው። ዜማ ደግሞ ያለ ጊዜ አይቆምም። ድጓው በዘመንና በበዓል የተከፈለ ነው፤ ሌሊቱም አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ባዘጋጁት በመጽሐፈ ሰዓታት ሥርዓት ይመራል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሰው የእጅ ሰዓት ከመታየቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የጊዜ ዐዋቂ መሆን ነበረበት።

የልኬቱ መሣሪያ የሰው የራሱ ጥላ ነበር። ሰውየው በደልዳላ ሜዳ ላይ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ይቆማል፤ የጥላው ጫፍ የደረሰበትን ምልክት ያደርግና ከቆመበት ጀምሮ በጫማው እየለካ ይሄዳል። ረዥም ሰው ጥላው ይረዝማል፤ ይሁን እንጂ ጫማውም በዚያው መጠን ስለሚረዝም ቁጥሩ ከአጭሩ ሰው ቁጥር ብዙ አይርቅም። በየወሩና በየሰዓቱ ጥላው ስንት ጫማ እንደሚሆን ከባሕረ ሐሳብ ጋር የተያያዙ ጽሑፎች ዘርዝረው ያስቀምጡ ነበር። ጨለማ በሆነ ጊዜ የዶሮ ጩኸትና የከዋክብት አካሄድ ይተኩታል።

ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠርም ከአገሩ ጠባይ ጋር የተስማማ ነው። ነፋስ መውጫ ባለችበት ኬክሮስ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በሰሜን አውሮፓ እንደሚሆነው ክረምትና በጋ ቀኑን በብዙ ሰዓት አያራርቁትም። ስለዚህ ንጋትን መነሻ ያደረገ ቆጠራ ዓመቱን ሙሉ ሳይናጋ ይሠራል።

የቤተ መንግሥት አደባባይ

የአውሮፓ ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በእጅ መንሻና በስጦታ መንገድ ነው። በመጀመሪያ የታየውም በነገሥታትና በመኳንንት ዘንድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ መሣሪያ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ሲሆን፣ በዘመናቸው የተጀመረው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የከተማው ሰው ደቂቃን ማሰብ ግድ ሆነበት። ባቡር እንደ ገበያ ቀን «ረፋድ ላይ» ተብሎ አይጠበቅምና።

ከውጭ የመጣው መሣሪያ የአገሩን ቆጠራ አልሻረውም። በአውሮፓ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ያሰረ ኢትዮጵያዊ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት መሆኑን ስለሚያውቅ፣ አጭሩ ጠቋሚ ከቆመበት ትይዩ ያለውን ቁጥር ያነባል። ሌላውም ሰዓቱን በቀጥታ በአገሩ አቆጣጠር ይሞላዋል። አንዱ መሣሪያ ሁለት ቋንቋ የተናገረበት ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሰዓት የመንግሥት ሽልማት ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ወይም የዘውድ ምልክት ያረፈባቸው የስዊስ ሰዓቶች ላገለገሉና ለክቡራን እንግዶች ይሰጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰዓት የተቀበለ ሰው ከኪሱ ባወጣው ቁጥር ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ዕለቱን፣ አገልግሎቱንና የሰጪውን እጅ ያስታውሳል። ያየውም ሰው ይመኛል። በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥቱ አደባባይ ዛሬ የቴሌቪዥን መስኮት የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል፤ በተከበረ ሰው እጅ ላይ የታየ ዕቃ ከበሬታውን አብሮ ይወስዳልና።

ምስል ቤት ሲገባ

ይህ የማየትና የመመኘት ሥራ ከአደባባይ ወደ ሳሎን የተዛወረው በ1950ዎቹ ነው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ፈጽሞ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። የዚያ ኦሊምፒክ ይፋ ሰዓት ያዥ ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነበር፤ የውድድሩ ምስልም በሰው ሠራሽ ሳተላይት ውቅያኖስ ተሻግሮ ታየ። እስከዚያ ድረስ የሰዓት ነገር ሲነሣ ስዊስን ብቻ ያስብ የነበረው ዓለም የጃፓንን ሰዓት ማወቅ የጀመረው፣ በከፊል አንድ ኢትዮጵያዊ ሲሮጥ በተለካበት መድረክ ነው። በዚያው በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከሰዓት ጋር የተሳሰረው በምኞት ብቻ አይደለም፤ በቀጠሮም ነው። የምሽቱ የሁለት ሰዓት ዜና የብዙ ቤት ሰዓት የሚስተካከልበት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ከአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ጋር ተያይዞ ባለ ቀለም ሥርጭት ሲጀመር የምስሉ ኃይል ጨመረ። በኋላም እንደ «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ያሉ ተከታታይ ድራማዎች ተመልካቹን በየሳምንቱ ከመስኮቱ ፊት ሰበሰቡት።

በዓለም ላይ ግን አንድን የእጅ ሰዓት ከሁሉ በላይ ያስከበረው ምስል ከጨረቃ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 ሁለት አሜሪካውያን በጨረቃ ላይ ሲራመዱ በቴሌቪዥን ታዩ። በዚያ ላይ በዝ ኦልድሪን ያሰረው ናሳ በ1965 ፈትኖ የተቀበለው ኦሜጋ ስፒድማስተር ነበር። ኒል አርምስትሮንግ የራሱን በመንኮራኩሩ ውስጥ ትቶት ወጥቶ ነበር፤ የመንኮራኩሩ ሰዓት ተበላሽቶ ስለ ነበር ሰዓቱ እንደ መጠባበቂያ ይፈለግ ነበርና። ይህ ሰዓት እስከ ዛሬ «የጨረቃ ሰዓት» እየተባለ ይፈለጋል። ፈላጊው የሚገዛው የብረቱን ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ የዚያችን ሌሊት ታሪክ ጭምር ነው።

የአሮጌው ሰዓት መነሣት

ከጨረቃው ጉዞ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ሴይኮ «አስትሮን» የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ኳርትዝ በባትሪ የሚንቀሳቀስና በትክክለኛነቱ በጥምዝምዝ ብረት ከሚሠራው የሚበልጥ ነው። ዋጋው እየረከሰ ሲሄድ ብዙ የስዊስ ፋብሪካ ተዘጋ። በየማለዳው የሚሞላው ሰዓት ዘመኑ አለፈ ተባለ።

ያለፈበት መሣሪያ እንደ ገና የተከበረው በተራኪ ኃይል ነው። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ሆይር ሞናኮ ይባላል። ይህ ባለ አራት ማዕዘን ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1969 ወጥቶ ብዙ ገዢ ባለማግኘቱ በ1970ዎቹ መሠራቱ ቆመ። ነገር ግን ስቲቭ ማክዊን እ.ኤ.አ. በ1971 በታየው «ለ ማን» በተሰኘው የመኪና እሽቅድምድም ፊልም ላይ አስሮት ነበር። ፊልሙ በተመልካች ትዝታ ውስጥ ስለ ቆየ ሰዓቱ በ1998 እንደ ገና ተሠራ። በፊልሙ ሥራ ላይ ከዋሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በኒው ዮርክ ጨረታ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። «ብሬኪንግ ባድ» በተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማም ያው ዓይነት ሰዓት የልደት ስጦታ ሆኖ ሲሰጥ፣ በመጨረሻም ባለቤቱ ከእጁ አውልቆ በስልክ ሣጥን ላይ ትቶት ሲሄድ ይታያል። አንድ ቃል ሳይነገር ተመልካቹ የሰውየው ጊዜ ማለቁን ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ ተመልካችን ወደ መሰብሰብ በመምራት የሚጠቀሰው «ማድ ሜን» ነው። ይህ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 የታየ ሲሆን የ1960ዎቹን የኒው ዮርክ የማስታወቂያ ሰዎች ሕይወት ይተርካል። አዘጋጆቹ ልብሱን፣ ወንበሩንና ሰዓቱን በዘመኑ ልክ ለማድረግ ብዙ ተጠብበዋል። ባለታሪኩ ሲሾም ሰዓቱ ይለወጣል፤ ሲወድቅም ሰዓቱ ይመሰክራል። በድራማው ከታዩት ሰዓቶች አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጡ።

እንዲህ ያለውን ድራማ የወደደ ሰው ጉዞው በምኞት አይቆምም። መጀመሪያ በምስሉ ያየውን ይፈልጋል። ሲፈልግ የሰሌዳውን ቀለም ከቁጥሩ፣ የቁጥሩን አጻጻፍ ከዓመቱ ጋር ማስተያየት ይለምዳል። ሲቆይም ጠቋሚው የተለወጠበትን፣ ሰሌዳው ዳግመኛ የተቀባበትን፣ ጀርባው በሞረድ የተፋቀበትን መለየት ይችላል። በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ ሰዓቱ የማን እንደ ነበረ የሚያስረዳው ወረቀት መሆኑን ይገነዘባል። በጨዋታ የጀመረው ሰው ሳያስበው የታሪክ ተማሪ ይሆናል።

ከደላንታ እስከ ጄኔቫ

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እያስጎተቱና መንገድ እያስጠረጉ፣ በጋይንት በጨጨሆ በኩል አድርገው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ጽላት፣ መጻሕፍት፣ ዘውድና ጽዋ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደ። በዚያም ለሁለት ቀን ያህል በጨረታ ተሸጠ። መጽሐፍ የነበረው ሁሉ ዕቃ ሆነ፤ የሚያነብበውና የሚተርከው ሰው ሳይኖር ለከፈለ ተሰጠ።

ከ150 ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ በሰዓት ተመለሰ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ ቁጥር 2497 የወርቅ የእጅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በጄኔቫ በክሪስቲስ ለጨረታ ሊቀርብ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ የባለቤትነት ጥያቄ በመነሣቱ ከጨረታው ወጣ። ሰዓቱ ቀንን፣ ወርንና የጨረቃን መልክ የሚያሳይ ሲሆን፣ በየአራት ዓመቱ የምትጨመረውን ዕለት ያለ ሰው እጅ ያስተካክላል። በሆዱ ያለው ሥራ አራት ዓመትን ያስታውሳል። ባሕረ ሐሳብን ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ተብለው የሚፈራረቁት ዘመናት፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስም ይህንኑ ስሌት በቃል ይዘውት ኖረዋል። የስዊስ ሊቅ በናስ ጥርስ የቀረጸውን የጋይንት ሊቅ በቃሉ ይሠራው ነበር።

እንግዲህ የሚያሳስበው ይህ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ስም ስላለው ቢያንስ ጥያቄ ተነሣለት። ለአስተማሪው፣ ለወታደሩ፣ ለመሐንዲሱና ለዳኛው የተሰጡት ሰዓቶች ግን በየቤቱ መሳቢያ ተቀምጠዋል። ተቀባዩ ሲሞት ልጆቹ የማን ስጦታ እንደሆነ፣ በምን ምክንያትና በየትኛው ዓመት እንደ ተሰጠ ካላወቁ፣ ሰዓቱ ወደ ወርቅ ሠሪ ሄዶ በግራም ይመዘናል። ወርቁ ይቀራል፤ አገልግሎቱ ይጠፋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ሰዓቱ ያለው ቤተሰብ የተቀባዩን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና ምክንያቱን በአንዲት ወረቀት ጽፎ ከሰዓቱ ጋር ያኑር፤ የተሰጠበት ዕለት ፎቶግራፍ ካለ አብሮ ያስቀምጥ። ለአዳሽ ሲሰጥ በጀርባው ያለው ጽሑፍ እንዳይፋቅና የቀድሞው ሰሌዳ እንዳይቀባ ያስጠንቅቅ። ያለፈውን ዘመን በምስል የሚያቀርቡ የአገራችን ደራስያንና አዘጋጆችም በተዋናዩ ክንድ ላይ የሚያስሩት ሰዓት የዘመኑ መሆን አለመሆኑን ይመርምሩ። «ማድ ሜን» በባዕድ አገር ለተረሱ ሰዓቶች ያደረገውን፣ አንድ ጥሩ ድራማ በኢትዮጵያ መሳቢያ ውስጥ ላሉት ማድረግ ይችላል። ያን ጊዜ ድራማውን የወደደው ወጣት ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት ወደ አያቱ መሳቢያ ይሄዳል፤ «ይህ የማን ነው?» ብሎም ይጠይቃል።