የገንዳው ስም፤ ስለ አንድ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ስያሜ

የፈሳሽን ገጽና በላዩ የሚዘረጋውን ስስ ሽፋን ለማጥናት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ፣ በውጭ ቋንቋዎች በአሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ በኧርቪንግ ላንግሚዩር ስም የሚጠራው ገንዳ ነው። ስያሜውን «የላንግሚዩር ገንዳ» ብሎ ወደ አማርኛ መመለስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ታሪክ ሲመረመር ይህ ስም መነሻውን ይሸፍናል።

ወይዘሪት አግኔስ ፖክልስ (1862–1935 እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክ ከተማ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ዘመን የዩኒቨርሲቲ በር ለሴቶች ዝግ ስለ ነበር፣ ሕመምተኞች ወላጆቻቸውን እያስታመሙ፣ ወንድማቸው በሚልኩላቸው መጻሕፍት ፊዚክስን በቤታቸው ተማሩ። የሠሩት መሣሪያ 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድና 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የቆርቆሮ ገንዳ ነው። ገንዳው እስከ አፉ ውሃ ይሞላል፤ በአግድም የሚጋደም ጠባብ ቆርቆሮም የውሃውን ገጽ ለሁለት ይከፍላል። ቆርቆሮው ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ገጹ ይጠባል ወይም ይሰፋል። አንዲት ትንሽ ክብ ዝርግ ነገር ከገጹ ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ክብደት በሚዛን ሲለካም የገጹ ውጥረት ይታወቃል።

ወይዘሪት ፖክልስ የምርምራቸውን ውጤት በ1891 ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ በደብዳቤ ገለጡ። ሎርድ ሬይሊም ደብዳቤው ተተርጉሞ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት እንዲወጣ አደረጉ። ላንግሚዩር በ1917 ባሳተሙት ጥናት፣ በገንዳው ላይ ተንሳፋፊ አጥር ከሚዛን ጋር አያይዘው የሽፋኑን ግፊት በቀጥታ ለኩ። በ1932 ስለ ገጽ ኬሚስትሪ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ብራውንሽቫይክ ለወይዘሪት ፖክልስ የክብር ዶክትሬት ሰጠች።

የላንግሚዩር ድርሻ እውነተኛና ትልቅ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያውን በእርሳቸው ብቻ መጥራት አሻሻዩን አንሥቶ ጀማሪዋን መጣል ይሆናል። ቶማስ ግራሃም በ1861 «ኮሎይድ» የሚለውን ቃል ሙጫ ከሚል የግሪክ ቃል ሲያወጡ የተከተሉት የነገሩን ጠባይ እንጂ የሰው ስም አልነበረም። እኛም ይህን መንገድ ብንከተል «የስስ ሽፋን መለኪያ ገንዳ» የሚለው ስያሜ ይበቃል። ገንዳ ከብት የሚጠጣበትን ዕቃ ለሚያውቅ ተማሪ ቅርጹን፣ መለኪያ ተግባሩን ይነግሩታል። የሁለቱም ሊቃውንት ስም ግን ከመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ሥር፣ ከነሥራቸውና ከነዓመተ ምሕረታቸው፣ ጐን ለጐን ይጻፍ።