የወንጂ ሠራተኛ የቅጥር ወረቀት



ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዳማ አጠገብ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ። ለአገዳ ቆረጣ ከከምባታና ከሐዲያ ሳይቀር ሰው ይመጣ ነበር።

የቅጥር መዝገብ ለደመወዝና ለጡረታ ብቻ አይደለም። የወንጂ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆች ጥርስ በለዘ፤ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንዳንድ ሠራተኞችም አከርካሪያቸው ደርቆ ጎበጡ። በሽታው አጥንት ውስጥ የሚገባው በዓመታት ብዛት ነው፤ ዓመታቱን የሚመሰክረው ደግሞ የቅጥር ቀን ነው።

እንግዲህ የሟች ወረቀት ከሣጥን ሲወጣ «አሮጌ ነው» ተብሎ እሳት ማቀጣጠያ አይሁን። ለልጆቹ ማስረጃ፣ ለአገር ታሪክ ነውና አደራ፣ እናስቀምጠው።