ሸክላ የሚያውቀው አርክቴክት

በሲያትል መሀል ከተማ፣ ሁለተኛው ጎዳና ከቼሪ ጎዳና በሚገናኝበት ጥግ ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው፣ የሆግ ሕንፃ ጌጥ ከድንጋይ የተጠረበ ይመስለዋል። ሸክላ ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲጠናቀቅ የከተማዋ ረጅሙ ነበር፤ በ1914 ስሚዝ ታወር እስኪበልጠው ድረስ። የነደፉት ቻርልስ ቤብና ሸሪኩ ሉዊስ ሜንዴል ናቸው። ቤብ በ1856 በእንግሊዝ ተወልዶ፣ ለንደን ተምሮ፣ በደቡብ አፍሪካ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ቆይቶ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግን ከሌሎች ኋላ ነው፤ በቺካጎ ከአርክቴክት ሉዊስ ሱሊቫን፣ በሲያትል ከአርክቴክት ካርል ጉልድ። ይህ አግባብ አይመስለኝም። ቤብ ለሲያትል ይዞላት የመጣው የራሱ ሀብት ነበረው፤ እርሱም የሸክላ እውቀት ነው።

ነገሩ ከእሳት ይጀምራል። በጁን 1889 ከአንድ የአናጢ ቤት የተነሣ ቃጠሎ የሲያትልን የንግድ ማዕከል አመድ አደረገው። ከዚያ ወዲያ በማዕከሉ የእንጨት ሕንፃ ተከለከለ። ቤብ በበኩሉ በቺካጎ እሳት የማይበግረው የሕንፃ ሸክላ በሚያመርት ኩባንያ ሠርቷል፤ ቀጥሎም በአድለርና ሱሊቫን ቢሮ የኦዲቶሪየም ሕንፃን ግንባታ ተቆጣጥሯል። በ1890 ወደ ሲያትል የላከው ይኸው ቢሮ ነው፤ ሊሠራ ለታሰበ የኦፔራ ቤት። ኦፔራ ቤቱ ሳይሠራ ቀረ። ቤብ ግን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣና በዴኒ የሸክላ ኩባንያ ገባ። ረጅም ሕንፃ የሚሸከመው ብረት አይነድም፤ ሲግል ግን ይለሰልስና የተሸከመውን ይጥላል። በዙሪያው የሚለበጠው ሸክላ ነው ሙቀቱን የሚከላከልለት። የጌጡ ሸክላ አሠራር ደግሞ ለአገራችን ሸክላ ሠሪዎች እንግዳ አይሆንም። ጭቃው በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በእጅ ይጠቀጠቃል፤ እንዳይከብድ ውስጡ ክፍት ይተዋል፤ ደርቆ ይተኮሳል። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ስለሚያንስ፣ ቅርጹ የሚወጣው ከሚፈለገው መጠን ተለቅ ብሎ ነው። ስሌቱ ከተሳተ፣ 17ኛ ፎቅ የደረሰው ቁራጭ ከጎረቤቱ አልገጥም ይላል።

ሸክላን ድንጋይ አስመስሎ በብረት ላይ መለጠፍ ማታለል ነው የሚል ይኖራል። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ልባሱ ግን ሥራ ፈት አይደለም። ዝናብ በሚያዘወትራት ከተማ ውሃ ይመልሳል፤ ከድንጋይ ስለሚቀልም ፎቅ ለመደረብ ያመቻል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ከ1914 በኋላ ከጉልድ ጋር በሠራቸው ሕንፃዎች ነዳፊው ጉልድ ነበር፣ ቤብ ሥራውን ከማስተዳደር አላለፈም ይባላል። ስለ ንድፉ እከራከር ዘንድ አልችልም። በ1926 የተከፈተው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሱዛሎ ቤተ መጻሕፍት፣ ያ 65 ጫማ ከፍታ ያለው የንባብ አዳራሽ፣ የጉልድን ዓይን ይመሰክራል። ነገር ግን ቤት ያሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወረቀት ላይ ያለ መስመር በራሱ አይቆምም። ቁሱን መምረጥ፣ ውሉን ማስከበር፣ የመጣውን መርምሮ የተበላሸውን መመለስ፣ ይህ ሁሉ የአርክቴክት ሥራ ነው፤ ቤብም ከኦዲቶሪየም ጀምሮ የተካነው በዚህ ነበር። በሱዛሎ የፊት ግድግዳ ላይ 18 ምስሎች ከፍ ብለው ቆመዋል፤ ሙሴ፣ ዳንቴ፣ ኒውተን፣ ቤትሆቨን፣ ዳርዊን ከነርሱ ውስጥ ናቸው። የቀረጻቸው አላን ክላርክ ነው። እነርሱም ሸክላ ናቸው።