የውሾች በመርዝ መገደል የእብድ ውሻ በሽታን ያቆማል?

ምሽት ላይ የሐዋሳ ፒያሳ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ሲዘጉ፣ ትርፍራፊ ፍለጋ የሚወጡት ባለቤት አልባ ውሾች ለነዋሪው እንግዳ አይደሉም። ውሾቹ የሚፈሩት በተለይ በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ ገዳይ ሲሆን፣ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው።

አዲስ አበባን ጨምሮ በአገራችን ከተሞች ለዓመታት የተለመደው መፍትሔ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ በሥጋ አድርጎ ማብላት ነበር። ይሁን እንጂ መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው፣ ባለቤት ያለውን ከሌለው አይለይም። ቆሻሻው እስካልተነሣ ድረስም የሞቱትን ቦታ ያልተከተቡ ቡችሎችና ከሌላ ሰፈር የመጡ ውሾች ይይዙታል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው «ሆምለስ አኒማልስ ፕሮቴክሽን ሶሳይቲ» የተሰኘው አገር በቀል ማኅበር ይህንኑ በመቃወም፣ ውሾች እንዲከተቡና እንዲመክኑ ወትውቷል። በባሌ ተራሮችም ቀይ ቀበሮን ከበሽታው ለመታደግ የአካባቢውን ነዋሪዎች ውሾች የመከተብ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተጀምሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሥርጭት ይገታል። ስለሆነም ውሻን ማስከተብ፣ በግቢ ማቆየትና ቆሻሻን በአግባቡ ማስወገድ ከመርዝ ይልቅ ሰውንም እንስሳውንም ያድናል።

በውሻ የተነከሰ ሰው ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።