የእግር ጤና አጠባበቅና የተለመዱ የእግር ችግሮችን የመከላከያ መንገዶች

በምሥራቅ አዲስ አበባ ከሰሚት እስከ ጎሮና አያት ባለው አካባቢ በስፋት የሚገኘው ጥቁር የሸክላ አፈር በክረምት ውኃ አምቆ የሚያብጥና ከጫማ ሥር የማይለቅ፣ በበጋ ደግሞ ደርቆ የሚሰነጣጠቅ ነው፡፡ ይህ አፈር በሕንጻ መሠረትና በመንገድ ላይ የሚያስከትለው ችግር በተደጋጋሚ የሚነገር ሲሆን፣ በነዋሪው እግር ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ግን እምብዛም ትኩረት ሲሰጠው አይታይም፡፡

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ከኮንዶሚኒየም መንደሮች ወደ ታክሲ መያዣ የሚወጣ ሠራተኛ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ተማሪ፣ በጥበቃ ሥራ ላይ ቆሞ የሚያድር ሰውና በጉልት የምትሸጥ እናት በረጠበ ጫማ ለበርካታ ሰዓታት ይቆያሉ፡፡ በበጋው ወቅት ደግሞ ደረቁ የደጋ አየር፣ አቧራና ክፍት ጫማ ተደማምረው የተረከዝን ቆዳ ያደርቃሉ፡፡

ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ጫፍ ድረስ እያንዳንዱ የሰው እግር 26 አጥንቶች ያሉት ሲሆን፣ የሁለቱ እግሮች 52 አጥንቶች በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ከሚገኙት 206 አጥንቶች አንድ አራተኛውን ይይዛሉ፡፡ የውስጥ እግር ቆዳ ከሌላው የሰውነት ክፍል የወፈረና የቅባት ዕጢ የሌለው ሲሆን፣ በአንጻሩ በርካታ የላብ ዕጢዎች አሉት፡፡ በዚህም ምክንያት በተዘጋ ጫማ ውስጥ በቀላሉ ይረጥባል፤ ክፍት በሆነ ጊዜ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፡፡ ብዙዎቹ የተለመዱ የእግር ችግሮች የሚመነጩትም ከመጠን ካለፈ እርጥበት፣ ከመጠን ካለፈ ድርቀትና ካልተስማማ ጫማ ነው፡፡

ዕለታዊ እንክብካቤ

እግርን ማጠብ በኢትዮጵያ እንግዳን የመቀበያና ሽማግሌን የማክበሪያ ነባር ልማድ ነው፡፡ ይህ ልማድ በየዕለቱ ለራስ ሲደረግ ከሁሉ የቀለለ የጤና መጠበቂያ ይሆናል፡፡ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ቤትም ቢሆን ለዚህ ተግባር ብዙ ውኃ አያስፈልግም፤ አንድ ጆግ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ሳፋ በቂ ናቸው፡፡

ከማጠቡ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ማድረቁ ነው፡፡ በተለይም በአራተኛውና በትንሿ ጣት መካከል ያለው ቦታ ጠባብ በመሆኑ ውኃ ያስቀራል፡፡ እያንዳንዱን የጣት መሐል በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ካልሲ ማድረግ ይገባል፡፡ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት በተረከዝና በውስጥ እግር ላይ መቀባት ጠቃሚ ሲሆን፣ በጣቶች መካከል መቀባት ግን እርጥበትን ስለሚያቆይ አይመከርም፡፡

በማጠቢያው ሰዓት የእግርን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል መመልከት ተገቢ ነው፡፡ የቀለም ለውጥ፣ እብጠት፣ ውኃ የቋጠረ ቦታ፣ ስንጥቅ ወይም ቁስል ካለ በጊዜ ይታያል፡፡ ጎንበስ ብሎ ማየት የማይችል አረጋዊ መስታወት ሊጠቀም ወይም የቤተሰቡን እገዛ ሊጠይቅ ይችላል፡፡ ሂና ወይም እንሶስላ የሚጠቀሙ ሴቶችም ቀለሙ የቆዳና የጥፍር ለውጥን ሊሸፍን እንደሚችል መገንዘብ ይኖርባቸዋል፡፡

ፈንገስ፣ ንቃቃትና ጥፍር

የእግር ፈንገስ በአብዛኛው ከጣቶች መካከል ይጀምራል፡፡ ቆዳው ይነጣል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል፤ አንዳንዴም መጥፎ ጠረን ያመጣል፡፡ በጋራ መታጠቢያ ክፍሎች በባዶ እግር መሄድ፣ ካልሲና ጫማ መዋዋስ እንዲሁም ሳይደርቅ የተጫማ ጫማ ለመተላለፉ ምክንያት ይሆናሉ፡፡ ሕክምናው በአብዛኛው በቅባት መልክ በሚሰጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው፡፡ ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች ማሳከኩ እንደተወ መድኃኒቱን ስለሚያቋርጡ ችግሩ ይመለሳል፡፡ የታዘዘውን ጊዜ መጨረስ የግድ ነው፡፡

በጣቶች መካከል የተከፈተ ቁስል ከማሳከክ ያለፈ ጉዳት አለው፡፡ ተህዋስያን በዚያ በኩል ገብተው መላው እግር እንዲቀላና እንዲያብጥ፣ ትኩሳትም እንዲከተል ሊያደርጉ ይችላሉ፡፡

የተረከዝ ንቃቃት የሚፈጠረው የደረቀና የደነደነ ቆዳ የሰውነትን ክብደት ሲሸከም ስለሚሰነጠቅ ነው፡፡ ሸበጥና ነጠላ ጫማ ዘወትር የሚያደርጉ ሰዎች በይበልጥ ይጋለጣሉ፡፡ እግርን ለብ ባለ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ የደነደነውን ቆዳ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ በቀስታ ማለስለስ፣ ከዚያም ቆዳው ሳይደርቅ ቅባት ቀብቶ በካልሲ መሸፈን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያመጣል፡፡ የደነደነ ቆዳን በምላጭ መቁረጥ ግን ለቁስልና ለመመረዝ የሚያጋልጥ ስለሆነ መወገድ ይኖርበታል፡፡

ጥፍርን በተመለከተ ቀጥ አድርጎ መቁረጥና ጠርዙን ወደ ውስጥ ጠምዝዞ አለመቁረጥ ይመከራል፡፡ ወደ ሥጋ የሚያድግ የአውራ ጣት ጥፍር በአብዛኛው የሚከሰተው ጥፍር ከጠርዙ ተቆርጦ በጠባብ ጫማ ሲጨቆን ነው፡፡

ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ የሚብስ የተረከዝ ሥር ሕመም ደግሞ ተረከዝን ከጣቶች ሥር ጋር የሚያያይዘው ጅማት መሰል ክፍል በመጎዳቱ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፡፡ ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶ ወለል ላይ በስስ ጫማ የሚቆሙ አስተናጋጆችና ሻጮች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፡፡ የባትና የውስጥ እግር ማሳሳቢያ እንቅስቃሴ እንዲሁም ወፍራምና ደጋፊ ሶል ያለው ጫማ ብዙውን ጊዜ ያሽሉታል፡፡

የጫማ አመራረጥና አያያዝ

እግር በቀኑ ውስጥ በመጠኑ ስለሚያብጥ ጫማ መግዛት ያለበት ከሰዓት በኋላ ነው፡፡ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት መኖር አለበት፡፡ የልጆች እግር በፍጥነት ስለሚያድግ በዓመቱ መጀመሪያ የተገዛ የትምህርት ቤት ጫማ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይበቃል ብሎ መገመት ስህተት ነው፡፡

የኮንጎ ጫማና የጎማ ቦት ጫማ ጭቃን በመከላከል ረገድ ተመራጭ ቢሆኑም ላብን ስለማያስወጡ ቀኑን ሙሉ ሲደረጉ እግርን ያረጥባሉ፡፡ በመሆኑም ከጥጥ ወይም ከሱፍ ካልሲ ጋር ማድረግ፣ ሥራ ቦታ ሲደርሱም በደረቅ ጫማ መቀየር ይበጃል፡፡ የረጠበ ጫማ ለመድረቅ አንድ ሙሉ ቀን ያህል ስለሚያስፈልገው አቅም በፈቀደ ሁለት ጫማ ማፈራረቅ ጥሩ ነው፡፡ በአንድ ጫማ ብቻ ለሚገለገል ሰው ማታ ውስጡን በጋዜጣ ሞልቶ ማሳደር እርጥበቱን ይቀንሳል፡፡ ከሰልባጅ ገበያ የተገዛ ጫማም ከመደረጉ በፊት መጽዳትና በፀሐይ በሚገባ መድረቅ አለበት፡፡

በግንባታ ሥራ ላይ ለተሰማሩ

ሰሚትና አካባቢው ግንባታ በስፋት የሚካሄድባቸው በመሆናቸው በርካታ የቀን ሠራተኞች ይገኙባቸዋል፡፡ የተቦካ ሲሚንቶ ቆዳን የማቃጠል ባሕርይ አለው፡፡ ቃጠሎው በመጀመሪያ ላይሰማ ስለሚችል ሲሚንቶ በጫማ ውስጥ ለሰዓታት ተይዞ ጥልቅ ቁስል ሊፈጥር ይችላል፡፡ በሸበጥ ወይም በሸራ ጫማ ኮንክሪት ላይ መቆም አደገኛ ነው፡፡ ሲሚንቶ ወደ ጫማ ከገባ ወዲያውኑ ጫማና ካልሲን አውልቆ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል፡፡

ምስማር የወጋው እግር ከውጭ ትንሽ ቢመስልም ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሊያጋልጥ ይችላል፡፡ ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ሳይዘገዩ መሄድ ያስፈልጋል፡፡

የስኳር ሕመምና እግር

ለስኳር ሕሙማን የእግር እንክብካቤ ከሌላው ሰው የተለየ ክብደት አለው፡፡ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል የእግር ነርቮችን ይጎዳል፤ የደም ዝውውርንም ይቀንሳል፡፡ ነርቩ የተጎዳ ሰው ጠጠር በጫማው ውስጥ ቢገባ ወይም ጫማው ቢልጠው አይሰማውም፡፡ ሕመም ባለመኖሩም ቁስሉን ችላ ይለዋል፡፡ ብዙዎቹ እግርን እስከ መቆረጥ የሚያደርሱ ቁስሎች የሚጀምሩት በዚህ መልኩ ነው፡፡

በመሆኑም የስኳር ሕመምተኛ በቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር መሄድ የለበትም፡፡ ጫማውን ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጁ ዳስሶ ማረጋገጥ፣ የመታጠቢያ ውኃን ሙቀት በእግሩ ሳይሆን በክርኑ መለካት ይኖርበታል፡፡ በክረምት ብርድ እግርን በከሰል ምድጃ አጠገብ ማሞቅ የተለመደ ቢሆንም፣ ስሜት ያጣ እግር መቃጠሉን ስለማያውቅ ይህን ማስወገድና ወፍራም ካልሲ መጠቀም ይሻላል፡፡ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እግርን በባለሙያ ማስመርመርም ያስፈልጋል፡፡

ስሜት ያጣ እግርን የመንከባከብ ዘዴ በኢትዮጵያ ረጅም ልምድ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነርቫቸው የተጎዳ እግሮቻቸውን በየቀኑ በመመልከት፣ በመዘፍዘፍ፣ ደንዳናውን ቆዳ በመፋቅና ቅባት በመቀባት ራሳቸውን ከቁስል እንዲጠብቁ ሲያሠለጥን ቆይቷል፡፡

ከአፈር የሚመጣ የእግር እብጠት

በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች መካከል በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የሚታየው በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ነው፡፡ በሽታው በትንኝ ከሚተላለፈው የቆላ ዝሆኔ የተለየ ሲሆን፣ መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው፡፡ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት በቆዳ በኩል ገብተው የእግርን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳሉ፡፡ በኢትዮጵያ ያገለገሉት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን በስፋት አጥንተው፣ እግርና አቧራ የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት ስያሜውን ሰጥተውታል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2013 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በወጣ ግምት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በበሽታው የተያዙ ሲሆን፣ ለበሽታው በሚያጋልጡ አካባቢዎች የሚኖረው ሕዝብ 35 ሚሊዮን ይጠጋል፡፡ በወላይታ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ደግሞ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ ተረጋግጧል፡፡ አንድ ቤተሰብ ተጠቅቶ ጎረቤቱ የሚተርፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፡፡ ይሁን እንጂ እግሩ ከአፈሩ ጋር ካልተነካካ ተጋላጭ የሆነውም ሰው አይታመምም፡፡ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍም ታማሚውን ማግለል ምንም መሠረት የለውም፡፡

የሰሚት አፈር ጥቁር በመሆኑ በሽታው ከሚያያዝበት ቀይ አፈር ይለያል፡፡ ሆኖም ከጎጃም፣ ከወላይታና ከሌሎች በሽታው ከሚገኝባቸው አካባቢዎች ለሥራ የመጡ ሰዎች በአካባቢው ይኖራሉ፡፡ ከእነዚህ መካከል በልጅነታቸው በባዶ እግር ያረሱና የጠበቁ፣ ዛሬ የእግራቸውን እብጠት በጫማ ሸፍነው የሚሠሩ ሊኖሩ ይችላሉ፡፡ የበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች የእግር ማሳከክና ማቃጠል፣ የእግር ቆዳ መወፈር እንዲሁም ቀን የሚመጣና ሌሊት የሚጎድል እብጠት ናቸው፡፡

በዚህ ደረጃ ላይ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና የተዘጋ ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡም እግርን ከፍ ማድረግ እብጠቱ እንዳይባባስ ያግዛል፡፡ በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕሙማንን ያሳተፈና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህን የመሰለ ቀላል እንክብካቤ ከፋሻ አጠቃቀም ጋር ተዳምሮ ሕሙማኑን ከሥራ የሚያስቀረውን ትኩሳትና የእግር መቆጣት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል፡፡

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

በጥቂት ቀናት ውስጥ የማይድን ቁስል፣ የሚቀላና የሚሞቅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የጠቆረ ጣት፣ የእግር መደንዘዝ እንዲሁም በአንድ እግር ላይ ብቻ በድንገት የተከሰተ እብጠትና የባት ሕመም ሲያጋጥም በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፡፡ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ማንኛውም ዓይነት የእግር ቁስል ቢያገኘው በዚያው ዕለት መታየት ይኖርበታል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አማካይነት ወደየቤቱ የሚሄዱ ባለሙያዎችን ስለ እግር ችግር መጠየቅም ይቻላል፡፡ የእግር ቁስልም ሆነ እብጠት የሚያሳፍር ነገር ተደርጎ በካልሲ ሥር ሲደበቅ፣ በሳሙናና በቅባት ሊመለስ ይችል የነበረው ችግር ሥራንና እግርን ወደሚያሳጣ ጉዳት እንደሚያድግ መዘንጋት የለበትም፡፡