ጉዱ ካሳ በዐሥራ ሁለት ደቂቃ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ አንድ ወሬ ይዟል። ልጆቻችን መጽሐፍ ማንበብ የተዉት ዩቲዩብ መጥቶ ነው ይላል። ለፈተና የሚመጣውን ልብ ወለድ አንድ ጎረምሳ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ጨምቆ ይነግራቸዋል፤ እነሱም ስልካቸውን ግድግዳ አስደግፈው ይሰማሉ፤ አለቀ። ወሬው ሐሰት ነው አልልም። ግን ታሪኩን የጀመረው ከመሐሉ ነው። ጭማቂው ከስልክም ከቴሌቪዥንም በፊት ነበረ።

የኔ ዘመን ሰው «ማትሪክ ወሰድኩ» ሲል ቃሉ ከየት እንደመጣ አያስበውም። ከነጻነት በኋላ የተከፈቱት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይፈተኑ የነበረው የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ነው፤ «ማትሪክ»ም የዚያ ፈተና ቅሪት ናት። ስሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥነ ጽሑፍ ያለው ሐሳብም አብሮ መጣ። ታዲያ እንግሊዞች ራሳቸው የገዛ ልብ ወለዳቸውንና ግጥማቸውን ለፈተና ማቅረብ ከጀመሩ ያን ያህል ዘመን አልሆናቸውም ነበር። ኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን ራሱን የቻለ ትምህርት ያደረገው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔም ብዙ ሊቃውንት ተቃውመዋል። ሰው በትርፍ ጊዜው ደስ ብሎት የሚያነበውን ነገር በምን ሚዛን ታርመዋለህ? ጥያቄው የዋህ አልነበረም። መልስ ሲጠፋለት፣ ሊታረም የሚችለው ብቻ ተጠየቀ፤ ማን ማንን አገባ፣ ማን የምን ምሳሌ ነው፣ ጭብጡ ምንድን ነው። ይህን የሚመልስ ተማሪ ሙሉውን መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? ነጋዴም ነገሩን ቶሎ አየው። በ1958 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነብራስካ ክሊፍተን ሂለጋስ የሚባል ሰው በዐሥራ ስድስት የሼክስፒር ሥራዎች ጀምሮ የማጠቃለያ መጽሐፍ ማሳተም ያዘ፤ «ክሊፍስ ኖትስ» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ። የዛሬው የቪዲዮ መምህር የዚያ ሰውዬ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ዘንድ ከማትሪክ በፊት ሌላ ፈተና ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ሌሊት ሲቆጥር አድሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የሚያቀርበው ግን ከመምህሩ የሰማውን አይደለም፤ የራሱን፣ ትናንት ያልነበረውን ቅኔ ነው። የሌላውን ቅኔ ደግሞ መንገር ነውር ነው። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃናም ብትሆን አዲስ መሆን አለባት። የትናንት መልስ ለዛሬ ስለማይሆን እዚያ ቤት ማጠቃለያ የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣ በረሃብ ይሞት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ የተገኙት ከዚህ ቤት ነው። በዛብህንም እዚያው ነው ያስተማሩት።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትና የአማርኛው ልብ ወለድ ደግሞ እኩዮች ናቸው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ያሉትን፣ እኛ «ጦቢያ» የምንለውን ሮም ላይ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1901። አብረው ያድጋሉ ቢባል ያስኬድ ነበር። ኋላ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመና ትልቁ መጽሐፍ ተገኘ። እኔ ማትሪክ ስፈተን ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በስቴንስል የተባዛችው ወረቀት ነበረች ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው። «ጉዱ ካሳ፦ የለውጥ ተምሳሌት» ይላል አንዱ መስመር። ቀለሟ እጅ ያጨቀያል።

ያው ትውልድ ግን መጽሐፉን ያውቀዋል፤ በወረቀቷ አይደለም፣ በሬዲዮ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርከው ሠፈሩ ጸጥ ይል ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ስለ ሰብለ ወንጌል አልቅሰዋል። የኛ ሠፈር ባለሱቅ ፊታውራሪ መሸሻን እንደሚያውቃቸው ጎረቤት ያማቸው ነበር። ልብ በሉ፣ ይህም እንደ ዛሬው ቪዲዮ በማሽን የመጣ ድምፅ ነው፤ ይህም ንባብ አይደለም። ልዩነቱ ወጋየሁ መጽሐፉን ማንበቡ ነው፤ ጎረምሳው ግን ስለ መጽሐፉ ያወራል።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ በማይቆም ፍጥነት ይነጉዳል፤ መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆማል። አማርኛ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ያኔ ብዙዎቻችን ተናደን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አማርኛ ያመለጠው ይመስለኛል። ከዚያ መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ትምህርቱ በቴሌግራም ሆነ፤ ልጆቹም ከስልካቸው ጋር ቀሩ።

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ለትምህርት ቤቷ ፈተና ስትዘጋጅ ቪዲዮዋን አሳየችኝ። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። መምህሩን ወደድኩት፤ አንደበቱ ርቱዕ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱን በቀለም ለይቶ ጽፏቸዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ቅጂ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ላለ ልጅ ይህ ሰው ባለውለታ ነው፤ እሱን የምትሳደቡ ተዉ።

«ጉዱ ካሳ ማነው?» አልኳት።

«የለውጥ ተምሳሌት፣ ጋሼ። የደራሲው አፈ ቀላጤ።»

ስቴንስሏ! ቃል በቃል። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ።

«ያስቃል ወይ?»

«ማን?»

«ጉዱ ካሳ።»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።»

የወጋየሁ ትረካም እዚያው ዩቲዩብ ላይ ስላለ ከፈትኩላት። ሃያ ደቂቃ ያህል አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ይሄ በእጥፍ ፍጥነት አይሄድም?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ፈተናዋ ሐሙስ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ። ለንደን የለችም። ማትሪክ ቀርቶ በ1993 የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ተተካ፤ በኋላ እሱም ቀረ። ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባው ብሔራዊ ፈተና አማርኛ አይጠየቅም። ይህ ሥነ ጽሑፋችንን ማቃለል ነው ብሎ የሚያዝን አለ፤ እኔም በከፊል አዝናለሁ። ግን ሌላ ትርጉምም አለው። ያቺን ልጅ «ጉዱ ካሳ የምን ተምሳሌት ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብሎ የጠየቃት ሚኒስቴር አይደለም። መምህሯ ነው። ማንም አላስገደደውም። ለማረም ስለሚቀል፣ እሱም እንደዚያው ስለተጠየቀ ነው። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል የምርጫ ጥያቄ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ አስተምሬያለሁና አውቃለሁ። ቢሆንም ጌታው በሌለበት የጌታውን ሥራ መሥራት ምን ይባላል?

ስለዚህ ቪዲዮ ይከልከል የሚለውን ክርክር ተዉትና ጥያቄውን እንለውጥ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የወጋየሁን ድምፅ ክፍል ውስጥ ማሰማት ስልክና ድምፅ ማጉያ እንጂ በጀት አይጠይቅም። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በአንድ መንፈቅ አያልቅ ይሆናል፤ አይለቅ። ፈተናው ደግሞ አንድ ጥያቄ ይሁን። ፊታውራሪ መሸሻ በአበጀ በለው እጅ ሲወድቁ አዘንክላቸው ወይስ ሳቅክባቸው? ለምን? በገዛ ቃልህ፣ በአንድ ገጽ።

ይህን የሚመልስ ቪዲዮ ቢኖር እንኳ ለስልሳ ልጅ አንድ መልስ ነው የሚሰጠው፤ የተቀዳውም ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። የቀሩት በየራሳቸው ያዝናሉ፣ በየራሳቸው ይስቃሉ። የሚያርመው መምህር ግን ሌሊቱን ስለማይተኛ፣ ቡናውን አስቀድሞ ቢያስፈላ ይሻለዋል።