የሚፈታ መብራት፣ የታሸገ መብራት

በአማርኛ «ባትሪ» የሚባለው በእጅ የሚያዘው መብራት ሲሆን፣ ለመብራቱ ኃይል የሚሰጠው ሲሊንደር መሰል ነገር ደግሞ «ድንጋይ» ወይም «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። ብዙ ቋንቋዎች ባትሪ የሚለውን ስም ለኃይል ምንጩ ሰጥተው መብራቱን በሌላ ስም ሲጠሩ፣ አማርኛ ስሙን ለመብራቱ አድርጎ ለኃይል ምንጩ ሌላ ስም ያወጣለት ተጠቃሚው ሁለቱን በየፊናቸው የሚገዙ፣ በየፊናቸው የሚያረጁ ዕቃዎች አድርጎ ስለሚያውቃቸው ይመስላል። ሱቅ ሄዶ «ሁለት ድንጋይ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቤቱ ባትሪ እንዳለው በዚያው ተናግሯል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ገበያውን የሞላው ትንሹ እሽግ የኤል ኢ ዲ ባትሪ ግን ድንጋዩ የማይታይ፣ አምፖሉ የማይፈታ፣ ክዳኑም በማስቲሽ የተጣበቀ በመሆኑ ይህን ልዩነት ትርጉም አሳጥቶታል፤ ቀድሞ ያለቀውን አውጥቶ አዲስ ማስገባት የነበረው ጥገናም ዛሬ ከመስበር የሚጀምር ሥራ ሆኗል።

የዕቃው መነሻ ደረቅ ሴል ነው። ሴል ማለት በኬሚካላዊ ለውጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ አንድ አሃድ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ያወጣው ሴል በማሰሮ የሚቀመጥ ፈሳሽ ስለነበረበት ይዞ ለመዞር አይመችም ነበር። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1886 ፈሳሹን ከጄሶ ጋር ለውሶ ሊጥ አደረገውና የዚንኩን ጣሳ መያዣም አሉታዊ ዋልታም አድርጎ ተጠቀመበት። ከዚህ በኋላ እንግሊዛዊው ዴቪድ ሚዜል ኒውዮርክ ውስጥ ሴሎችን በቱቦ ውስጥ በተርታ ደርድሮ ጫፉ ላይ አምፖልና አንጸባራቂ ያኖረበትን መብራት ሠራ፤ የፈጠራ መብቱም በጃንዋሪ 10 ቀን 1899 በቁጥር 617,592 ተመዘገበ፤ ባለቤትነቱ ግን የተላለፈው ከሩሲያ ግዛት ተሰዶ ወደ አሜሪካ ለመጣው ለኮንራድ ሁበርት ኩባንያ ነበር። የዚያ ዘመን ሴል ኃይሉን ሳያቋርጥ መስጠት ስለማይችልና የካርቦኑ አምፖልም ብዙ ኃይል ስለሚበላ መብራቱ ለአፍታ በርቶ ማረፍ ነበረበት፤ አሜሪካውያን «ብልጭታ መብራት» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጡትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ የማረፍ ጠባይ በኢትዮጵያም ሳይታወቅ አልቀረም። ደክሞ የወጣ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲውል ማታ ጥቂት መብራት መስጠቱ በገጠርም በከተማም የታወቀ ብልሃት ሲሆን፣ ምክንያቱም ሙቀቱ በሊጡ ውስጥ የሚካሄደውን የኬሚካል ለውጥ ስለሚያፋጥነውና ዕረፍቱም በካርቦኑ ዘንግ ዙሪያ የተጠራቀመው የለውጡ ውጤት እንዲበተን ጊዜ ስለሚሰጠው ነው። ብልሃቱ ዕዳም ነበረው። የዚንኩ ጣሳ ራሱ የሚበላው ማገዶ በመሆኑ፣ ኃይሉ እስኪሟጠጥ የተሠራበት ድንጋይ ይበሳና ይፈሳል፤ የፈሰሰውም ሞላውን፣ ማለትም ድንጋዩን ወደ አምፖሉ የሚገፋውን ጥምዝ ሽቦ፣ እንዲሁም የማብሪያውን የነሐስ ልሳን ያዝጋቸዋል። እንግዲህ የአሮጌው ባትሪ ጥገና አብዛኛው ይኸው ነበር፤ ቂጡን በእጅ ፈትቶ ዝገቱን በቢላ ጫፍ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማንሣት፣ የላላውን ሞላ ሳብ አድርጎ ማስረዘም፣ ካስፈለገም ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብልጭልጭ ወረቀት አጣጥፎ ክፍተቱን መሙላት። ካቻቢቴና ፒንሳ የሚሉትን የጣልያንኛ ስሞች ይዞ የቀረው የጥገና ሙያ ለእንዲህ ያለው ባትሪ ሁለቱንም መሣሪያዎች እምብዛም አያነሣም ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ ሠሪው ነበረና።

ከ1910 ገደማ ጀምሮ የተንግስተን ክር ያለው አምፖል የካርቦኑን ቢተካም ክሩ መበጠሱ አልቀረም። በመሆኑም አምፖሉ እንደ ድንጋዩ ሁሉ የሚለወጥ ዕቃ ሆኖ ቆየ፤ በ1979 ለገበያ የቀረበው የአሜሪካው ማግላይት መለዋወጫ አምፖሉን በቂጡ ክዳን ውስጥ ደብቆ ይሸጥ እንደነበር ሲታይ፣ ሠሪው ብልሽትን አስቀድሞ አምኖ ለተጠቃሚው መፍትሔውን ጭምር ያስረክብ እንደነበር መረዳት ይቻላል።

ይህን የመለዋወጥ ልማድ ያፈረሰው ኤል ኢ ዲ ነው። ኤል ኢ ዲ ማለት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ያለ ክር ብርሃን የሚሰጥ ጠጣር ቅንጣት ሲሆን፣ ኒክ ሆሎኒያክ በ1962 ቀዩን ቢያሳይም ነጭ ብርሃን የተገኘው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ሰማያዊውን በብቃት ለመሥራት ከቻሉ በኋላ፣ በሰማያዊው ላይ ቢጫ የሚያፈካ ዱቄት በመቀባት ነው፤ ሦስቱም በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን አግኝተዋል። ነጩ ኤል ኢ ዲ 3 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ትኩስ ሳሉ ቢያበሩትም ጥቂት ሲደክሙ ስለሚያንሱት፣ ሠሪዎች ወይ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ አስገቡ፣ ወይ ቮልት የሚያሳድግ ሰርኪት ጨመሩ፣ ወይም ቻርጅ የሚደረግ ሴል ውስጡ አኖሩ። ቅንጣቱ በአግባቡ ሲሠራበት በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ስለሚያበራ «አምፖሉ ካልተቃጠለ ለምን ይከፈታል?» የሚለው የፋብሪካ ክርክር አሳማኝ መሰለ። ክርክሩ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ የማይሞተው ቅንጣቱ እንጂ ሴሉ፣ ማብሪያውና የቻርጅ መሰኪያው አይደሉም።

ርካሹ እሽግ ባትሪ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ግድግዳ ላይ የሚሰካው ሲሆን በውስጡ ባለ 4 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ሴል አለው፤ ይህ ሴል ባዶውን ሲቀመጥ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ጠጥሮ ስለሚቀር፣ ዝናብ ሲያባራ ወይም መብራት መጥፋት ሲያቆም ተረስቶ የተቀመጠ ባትሪ ሲፈለግ አይበራም። የቻርጅ ሰርኪቱ ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመር የሌለው፣ የግድግዳውን 220 ቮልት በካፓሲተር ብቻ የሚቀንስ በመሆኑ ተሰክቶ ሳለ የተከፈተ እንደሆነ የሚነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው ወገን ሶኒ በ1991 ለገበያ ካቀረበው ዘር የሆነውን የሊቲየም ሴል የያዘው የኪስ ባትሪ ነው። እርሱን ለመክፈት ጠጋኙ አንገቱን በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ማስቲሹን ያላላል፣ መስታወቱን የያዘውን ቀለበት በፒንሳ ጫፍ ያዞራል፣ ከዚያም በቴስተር እየለካ ችግሩን ይለያል፤ ሴሉ 4.2 ቮልት ድረስ ሞልቶ መብራቱ እንቢ ካለ ጥፋቱ የማብሪያው ወይም የተላቀቀ ሽቦ ነው፣ ሴሉ ካበጠ ግን ሳይበሳ መውጣት አለበት፤ የተበሳ የሊቲየም ሴል በእሳት ሊያያዝ ይችላልና።

የእሽጉ ነገር የሕግም ጉዳይ ሆኗል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው የመብራት ደንብ በድንጋይ የሚሠሩ የእጅ መብራቶችን ከደንቡ ግዴታዎች ውጭ አድርጓቸው ነበር። በ2023 የወጣው የባትሪ ደንብ ቁጥር 2023/1542 ግን ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በትንንሽ ዕቃዎች ውስጥ ያሉ ሴሎች በተጠቃሚው እጅ የሚወጡ እንዲሆኑ ያዛል፤ በዋናነት ውኃ ውስጥ ወይም ውኃ በሚረጭበት ቦታ ለሚሠሩ ዕቃዎች ሴሉን ባለሙያ እንዲያወጣው ይፈቅዳል።

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ዕቃ ወደ ምናለሽ ተራ በሚጎርፍበት ገበያ፣ ሥራው ደንብ ሳይጠብቅ ይካሄዳል። ሞባይል በመጠገን የተካነ እጅ ከሞተ ስልክ ያወጣውን ደህና ሴል በሞተው ባትሪ ሆድ ውስጥ ሊበይድ ይችላል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን የተሰበረው ማስቲሽ እንደ ፋብሪካው ስለማይገጥም አንገቱ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ይታሰራል። እንዲህ የታሰረ ባትሪ ዝናብ አይችልም፤ በሚቀጥለው ብልሽት ግን ላስቲኩን ማውለቅ ብቻ ይበቃል።